ዘይቱ ሲሞቅ ውሃው፣ ሲቀዘቅዝ ስቡ፦ በተጠበሰበት ዘይት የሄደው የደብረ ማርቆስ አይሱዙ

ይህ የአንድ መኪና ጉዳይ ነው። መኪናው አይሱዙ ኤንፒአር ነው፤ አሮጌው፣ ባለአራት ሲሊንደር፣ ኮምፒውተር የሌለው። የሚነዳው ባለቤቱ ራሱ ነው። ከደብረ ማርቆስና ከዙሪያው ጤፍ፣ በቆሎ፣ አንዳንዴም ድንች ይጭናል። አዲስ አበባ አራግፎ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ ወይም የሱቅ ዕቃ ይዞ ይመለሳል። ስሙን አልጠራም። ዘመዴ ነው፣ በዕድሜም ታላቄ ነው፤ «ጋሼ» እያልኩት ነው ያደግኩት። እዚህ ግን ባለመኪናው ልበለው።

እኔ ሞተር አስተምራለሁ፤ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ። ጉዳዩን የማውቀው ከመካከሉ ጀምሮ ነው፤ መኪናው አልነሳም ያለ ዕለት ተጠርቼ። የመጀመሪያውን እሱ፣ ሚስቱና መካኒኩ ነገሩኝ። አሁን የምጽፈው የተጠበሰበትን የምግብ ዘይት በናፍጣ ፋንታ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ብዙ ሹፌሮች ስለሚጠይቁኝ ነው። መንገድ ላይ የሚሰጠው ምክር «በጨርቅ አጣርተህ ጨምርበት» የሚል ነው። ምክሩ ግማሽ ነው። ጎጃም ደጋ ላይ ደግሞ ይህ ግማሽ ምክር ሞተር ያስወርዳል።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ የናፍጣ ዋጋ እየጨመረ ሄደ። ዋጋው ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። ሰልፉስ? ሌሊት ተሰልፈህ ረፋድ ላይ «አልቋል» ትባላለህ። ከማደያ ውጭ በጀሪካን የሚሸጠው ዋጋው ሌላ ነው፤ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። ጭነቱ ተጭኖ፣ ነጋዴው በስልክ እየጨቀጨቀ፣ መኪናው በናፍጣ እጦት ቆሞ የሚያድርበት ጊዜ ነበር።

ሚስቱ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ ምግብ ቤት አላት። ችፕስ፣ ሳምቡሳና ዓሣ ትጠብሳለች። በጾም ሰሞን ጥብሱ ይበዛል። ዘይቱ ሲጠቁር ጀሪካን ውስጥ ይገባና ጓሮ ይቀመጣል። ፍሳሽ ውስጥ ቢደፋ ቱቦው ይደፈናል። መሬት ላይ ቢደፋ ደግሞ ይሸታል፣ ዝንብ ይሰበስባል። አንድ ቀን ባለመኪናው ጎሃ ጽዮን ላይ ቁርስ ሲበላ ከሌላ ሹፌር ጋር ወሬ ያዘ። ፈረንጅ አገር መኪና በምግብ ዘይት እንደሚሄድ የነገረው እሱ ነው። ወሬው ልቡ ውስጥ ገባ። ቤት እንደገባ ጓሮ ያሉትን ጀሪካኖች ሄዶ አያቸው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በፈረንጆቹ 1900 ፓሪስ ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አንድ አነስተኛ የናፍጣ ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም። አየሩን አምቆ ያግላል፤ በጋለው አየር ላይ ነዳጁን ይረጫል፤ ነዳጁ በራሱ ይነዳል። ስለዚህ ዘይትም ይነዳበታል። ጣጣው ያለው አረጫጨቱ ላይ ነው። በ40 ዲግሪ ሲለካ የምግብ ዘይት ከናፍጣ አሥር እጥፍ ገደማ ይወፍራል። ወፍራም ነገር ነዳጁን በሚረጨው ኖዝል ቀዳዳ ሲያልፍ በደንብ አይበተንም። ትልልቅ ጠብታ ይሆናል። ጠብታው ሳይነድ ፒስተኑ ላይ ያርፋል፣ ፒስተኑን የከበበው የብረት ቀለበት፣ ፋሻው፣ ሥር ይገባል፣ ጥላሸት ሆኖ ይጋገራል። ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ከሞቀ ግን በጣም ይቀጥናል። ናፍጣን ባያክልም ሞተሩ ይቀበለዋል።

ባለመኪናው ይህን አያውቅም ነበር። ያደረገው እንዲህ ነው። ዘይቱን እሳት ላይ ጥዶ ያሞቀዋል። ትኩሱን በአቡጀዲ ያጣራዋል። ሲሞቅ ቶሎ ይወርዳላ! የወረደው ዘይት ጥርት ያለ፣ ወርቃማ ነበር፤ ሚስቱ ራሷ «መልሼ ልጥበስበት እንዴ?» ብላለች። ከዚያ ሰልባትዮ (የነዳጅ ማጠራቀሚያው) ውስጥ ከናፍጣ ጋር ይቀላቅለዋል፤ መጀመሪያ ጥቂት፣ ኋላ እኩል በእኩል።

ጊዜው ሚያዝያ ነበር። ደጋውም ሞቅ ያለ ነው፤ ዓባይ በረሃ ሲገባ ደግሞ ያቃጥላል። መኪናው ምንም አላለም። ጭሱ የችፕስ ሽታ ነበረው፤ ኬላ ላይ ያሉ ልጆች እየሳቁ ያሸቱ ነበር። ባለመኪናው ልቡ ሞላ። ከሌሎች ሁለት ምግብ ቤቶችም ዘይት መሰብሰብ ጀመረ።

የኅዳሩ ጠዋት

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች። ኅዳር ላይ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ሌሊት ብዙ ነው። አንድ ማለዳ፣ በቆሎ ተጭኖ፣ መኪናው አልነሳም አለ። ረዳቱ ደጋግሞ ሞከረ። ባትሪው ደከመ። በሌላ መኪና ባትሪ ተቀጠለ። ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም። ነጭ ጭስ እንኳ የለም። ነጭ ጭስ ከሌለ ነዳጅ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው።

መካኒኩ መጣ። ፊልትሮውን (የነዳጅ ማጣሪያውን) ፈታ። አጋድሞ ሊያራግፈው ሲል አልፈስ አለው። ጣቱን ከትቶ አወጣና አሳየው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ናፍጣ አይደለም። ቅቤ ነው!»

እኔ የደረስኩት ከዚያ በኋላ ነው። ነጭ፣ ለስላሳ ነገር ነው። ትንሽ መዳፌ ላይ አድርጌ ያዝኩት። ቀስ እያለ ቀለጠ፣ ቢጫ ዘይት ሆነ። እዚያው ገባኝ። የፓልም ዘይት የሚቀልጠው ከ33 እስከ 39 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ የሰው ገላ አካባቢ ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ማታ ማታ የሚረጋው ዘይት እሱ ነው። ርካሽ ስለሆነ ምግብ ቤቶች አብዝተው የሚጠብሱበትም እሱ ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት በማርቆስ ብርድ አይረጋም። ፓልም ግን ይረጋል፤ ከሥጋና ከዶሮ የወጣ ስብ ከገባበት ይብሳል።

ታዲያ አቡጀዲው ለምን አላስቀረውም? በትኩሱ ስለተጣራ ነዋ። ትኩስ ዘይት ውስጥ ስቡ ቀልጧል። የቀለጠ ስብ በየትኛውም ጨርቅ ያልፋል፤ በውድ ማጣሪያም ያልፋል። ጀሪካን ውስጥ ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ ሌሊት ሰልባትዮ ውስጥ፣ ቱቦ ውስጥ፣ ፊልትሮ ውስጥ ይረጋል። ባለመኪናው ለፍጥነት ብሎ ያሞቀው ዘይት ነው ያቆመው። ይህን ስነግረው ዝም ብሎ አሰበና፣ «ታዲያ ማጣራቱ ለምን ጠቀመኝ?» አለ። ፍርፋሪውን ለማስቀረት ብቻ ነው የጠቀመው።

የፊልትሮው ሥር ሌላ ነገር ነበረበት። ቡናማ አተላ፣ ከአተላው በታች ውሃ። ብረቱ ላይ የዝገት ነጠብጣብ ወጥቷል። ከስቡ ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው። ስብ መኪና ያቆማል እንጂ አይገድልም፤ ሲሞቅ ቀልጦ ያልፋል። ውሃ ግን ነዳጁን ወደ ኖዝል የሚገፋውን ፖምፓ ይበላል። ድንችና ዓሣ ሲጠበሱ ውሃቸውን ዘይቱ ውስጥ ይለቃሉ። አብዛኛው ይተናል። ጥቂቱ ግን ከዘይቱ ጋር ይቀራል፤ ጨውም አብሮት አለ። የፖምፓው ፒስተን ከቤቱ ጋር ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። የራስ ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን አስቡት። እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ጨዋማ ውሃ ሲያድር ዝገት ይጀምራል።

ጀርመኖች ለሞተር ነዳጅ በሚውል የጎመን ዘር ዘይት ላይ ያወጡት የጥራት ደረጃ አለ፤ ዲን 51605 ይባላል። ደረጃው በአንድ ኪሎ ዘይት ውስጥ ያለው ውሃ ከ750 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። ይህን ወደ እኛ ጀሪካን ስንመልሰው፣ በ20 ሊትር ዘይት ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ውሃ ነው። ከመጥበሻ የመጣ ዘይት ብዙውን ጊዜ ከዚህ በላይ ይይዛል። ጨርቅ ደግሞ ውሃ አያስቀርም።

ሥራው እንደገና ሲጀመር

ሚስቱ ይብቃህ ብላው ነበር። እኔም ቢተወው አልጠላሁም። ግን ሰውየው የያዘውን አይለቅም። «አንተ አስተማሪ አይደለህ? ትክክለኛውን አሳየኝ» አለኝ። መጀመሪያ ያየሁት ፖምፓውን ነው። የእሱ አይሱዙ ፖምፓ መስመር ላይ የተደረደሩ ፒስተኖች ያሉት፣ ታችኛው ክፍሉ በሞተር ዘይት የሚለሰልስ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ወፍራም ነዳጅን ይታገሣል። በብዙ ሚኒባስና ፒክአፕ ላይ ያለው ክብ ፖምፓ ግን የሚለሰልሰው በራሱ በነዳጁ ነው፤ ቀዝቃዛ ዘይት ሲገፋ ይሰበራል። ኮመን ሬይል የሆነውን፣ ነዳጁን በኮምፒውተርና በከፍተኛ ግፊት የሚረጨውን አዲስ ሞተርማ ጭራሽ አትንኩት። ፖምፓው ክብ ቢሆን ኖሮ እዚያው «ተው» ብዬው እሄድ ነበር።

ከዚያ ሥራውን ገለበጥነው። ሙቀት ለውሃው፣ ብርድ ለስቡ።

ሁለት በርሜል ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ጓሮ ፀሐይ ላይ ቆመ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የጎጃም ፀሐይ ብረት ያግላል። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ውሃውና አተላው ቶሎ ወደ ታች ይወርዳል። በርሜሉ ሁለት ቧንቧ አለው። አንዱ ከሥሩ፣ ውሃ ለማፍሰሻ። ሌላው ከሥሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ዘይት ለመቅጃ። ዘይቱ ሁለት ሳምንት ሳይነካ ይቆያል። በየጊዜው የታችኛው ቧንቧ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ቡናማ አተላ ይወጣል፤ ዘይት ሲመጣ ይዘጋል።

ሚስቱ እሳት ላይ ማፍላት አይቀልም ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ጥያቄው ትክክል ነው። ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዘይቱን ከዚያ ትንሽ አሳልፎ ማሞቅ ውሃውን ያተነዋል። ግን ከድስቱ ሥር የተኛ ውሃ በአንዴ እንፋሎት ሲሆን የላይኛውን ዘይት አሽቀንጥሮ ያወጣዋል። ከሥር እሳት አለ። ጓሮ ውስጥ ልጆች ይሮጣሉ። ፀሐይ ይዘገያል እንጂ ማንንም አያቃጥልም። እርግጥ ክረምት ሲገባ ሥራው ይቆማል፤ ባለመኪናው ከሰኔ እስከ መስከረም በናፍጣ ብቻ ይሄዳል።

ውሃው መውጣቱን የምናውቀው በመጥበሻ ነው። ባዶ መጥበሻ በደንብ ይግላል። ከዘይቱ ጠብታ ይደረግበታል። ከተንጣጣ ውሃ አለበት፣ ተመልሶ በርሜል። ዝም ብሎ ከተሰራጨ አልፏል። ይህን ሥራ የምትሠራው ሚስቱ ናት፤ ጆሮዋ ከእኔ መሣሪያ አያንስም።

ቀጥሎ ማጣራት ነው፤ በብርድ። ዘይቱ ጥላ ውስጥ ሌሊት አድሮ ፀሐይ ሳይወጣ በአራት የታጠፈ አቡጀዲ ላይ ይፈሳል። ስቡ ረግቷል፤ ጨርቁ ላይ ይቀራል። የሚያልፈው በብርድም የማይረጋው ብቻ ነው። ችግሩ መዘግየቱ ነው። አንዳንዴ ጀሪካኑ እስኪንጠባጠብ እኩለ ቀን ይደርሳል፤ ፀሐይ ሲነካው ደግሞ ስቡ መቅለጥ ይጀምራል። ባለመኪናው መጀመሪያ ተበሳጨ። «አንተ ልጅ፣ በዚህ አያያዝ፣ ማርያምን፣ ዓመቱን ሙሉ አያልቅም» አለኝ። ኋላ ራሱ መላ አመጣ፦ የረጋውን ክፍል ጨርቁ ላይ ሳያደርስ ጀሪካኑ ሥር መተው። የላይኛው ፈሳሽ ብቻ ቀስ ብሎ ይቀዳል። ይህ ግማሽ ሥራውን ቀነሰ። በመጨረሻ በእጅ ፖምፓ እየተገፋ በአዲስ የመኪና ነዳጅ ፊልትሮ ያልፋል።

ምግብ ቤቶቹንም አስለመድን። ዘይት ሲሰጡ ፓልም ይሁን ኑግ፣ ሱፍ ይሁን አኩሪ አተር እንዲናገሩ። ፓልሙ ለብቻው ጀሪካን ገባ። እዚህ ላይ ስለ ኑግ አንድ ነገር ልበል፤ ጎጃም የኑግ አገር ስለሆነ ሰው «የኛው ዘይት ይሻላል» ይላል። ለብርድ አዎ ይሻላል። ግን የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው የሚደርቅ ዓይነት ነው። በርሜል ጠርዝ ላይ ቀርቶ የሚያጣብቅ፣ ቀለም የሚመስል ሽፋን ይሠራል። ያው ነገር ሞተር ውስጥም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ኑጉ በርሜል ውስጥ ወራት እንዲቆይ አንፈቅድም።

መኪናው ላይ ሁለተኛ ሰልባትዮ ተበየደ፣ 60 ሊትር የሚይዝ። ውስጡ የራዲያተር ውሃ የሚዞርበት ቱቦ አለ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱም ይሞቃል። ብየዳ ቤቱ መጀመሪያ የፍሪጅ መዳብ ቱቦ ነበር ያስገባው። መዳብ ሙቀት ያስተላልፋል ብሎ ነው፣ እውነቱን ነው። ግን መዳብ ዘይትን ቶሎ ያበላሻል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስንከፍተው ቱቦው አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ ነገር ለብሷል። አውጥተን ብረት አደረግንበት። ለዘይቱ የራሱ ፊልትሮ ሞተሩ አጠገብ ገባለት። ጋቢና ውስጥ ከናፍጣ ወደ ዘይት የሚያዞር መክፈቻ አለ። ከፖምፓው የሚመለሰው ነዳጅም አብሮ መዞር አለበት፤ አለበለዚያ ዘይቱ እየተመለሰ የናፍጣው ሰልባትዮ ውስጥ ይገባና እንደገና ወደ ኅዳሩ ጠዋት እንመለሳለን።

ሕጉ ይህ ነው፦ በናፍጣ ይነሳል። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ወደ ዘይት ይዞራል። ከመቆሙ በፊት ወደ ናፍጣ ተመልሶ ዘይቱ ከቱቦውና ከኖዝሉ እስኪወጣ ደቂቃዎች ይሠራል። ማታ የቆመ ሞተር ውስጥ ዘይት ማደር የለበትም።

ዓባይ በረሃ ላይ

ከሁሉም በላይ የተማርነው መንገዱ ላይ ነው። ዘይት በሥራ ላይ ያለ ሞተር ይወዳል። ጭነት ሲጎትት ውስጡ ይግላል፣ ዘይቱም ጥርግ ብሎ ይነዳል። ሥራ ፈት ሆኖ ሲዞር ግን ይቀዘቅዛል፤ ያልነደደ ዘይት ኖዝሉ ጫፍ ላይ ይጋገራል።

ከማርቆስ ተነስቶ ሉማሜን አልፎ ደጀን እስኪደርስ ሞተሩ ሞቋል፤ እዚህ በዘይት ይሄዳል። ከደጀን በታች ቁልቁለቱ ይጀምራል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ወንዙ ትወርዳለህ። ማርሽ አስገብተህ፣ እግርህን ከነዳጅ ላይ አንስተህ፣ ሞተሩን ለፍሬን ነው የምትጠቀምበት። ባለመኪናው መጀመሪያ ይህንንም በዘይት ይወርድ ነበር። አሁን ደጀን ላይ ወደ ናፍጣ ያዞራል። ድልድዩን ተሻግሮ የጎሃ ጽዮንን ዳገት ሲይዝ መልሶ ወደ ዘይት። ዳገቱ ረጅም ነው፣ ጭነቱ ሙሉ ነው፣ በረሃው ይሞቃል። ለዘይት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ራሱ ባለመኪናው «ዳገቱ ላይ ድምፁ ይለሰልሳል» ይላል። እኔም ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ፤ የናፍጣው መንኳኳት ቀነስ ይላል።

የሚያስቸግረው ኬላ ነው። «ሞተር አጥፋ» ሲባል ታጠፋለህ፤ ዘይት ከቱቦው እስኪወጣ ጠብቁኝ አይባልም። ስለዚህ ኬላ ከመድረሱ ቀድሞ ያዞራል። ድንገተኛ ፍተሻ ሲያጋጥመው ግን በዘይት ጠፍቶ ያውቃል። በረሃ ውስጥ ከሆነ ችግር የለውም። ፍቼና ጫንጮ ብርድ ላይ ብዙ ከቆመ ግን ሲነሳ ያስቸግራል።

ሂሳቡ

ከሦስቱ ምግብ ቤቶች በሳምንት ወደ 60 ሊትር ይሰበሰባል። ውሃው፣ አተላውና የረጋው ስብ ሲወጣ 40 ሊትር ገደማ ይቀራል። ማርቆስ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልሱ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ሊትር ብንል፣ 100 ሊትር ይበላል። ዘይት በሊትር ሲለካ ከናፍጣ ጥቂት ያነሰ ጉልበት አለው። ቁልቁለቱና የከተማው መንገድም በናፍጣ ነው። ስለዚህ ከአንድ ደርሶ መልስ ሲሶው ቢሸፈን ነው።

ከዚያ ላይ ይቀነስ። ያልነደደ ዘይት በፋሻው በኩል ወርዶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ናፍጣ ቢሆን ሞተሩ ሲሞቅ በከፊል ይተን ነበር፤ የምግብ ዘይት ግን አይተንም፣ ይከማቻል፣ በመጨረሻም ሞተር ዘይቱን ያወፍረዋል። ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይለወጥ የነበረው ሞተር ዘይት በየ2,500 ይለወጣል። ፊልትሮም በዛ። ዓመት ሊሞላው ሲል ኖዝሎቹን አስወጥተን ፈተንናቸው። ሦስቱ ደህና ይረጫሉ። አንዱ ጫፉ ላይ ጥላሸት ይዞ ያንጠባጥባል። ተጠርጎ ግፊቱ ተስተካከለ። የአራቱም ሲሊንደር እምቅታ ተቀራራቢ ነበር፤ ፋሻው አልተያዘም ማለት ነው። ይህ ነው እንዲቀጥል የፈቀድኩበት ምክንያት።

ባለመኪናው አትራፊ ነኝ ይላል። እኔ የምለው፣ የሚያተርፈው ዘይቱ በነጻ ስለሚመጣና የሚስቱና የእሱ ድካም ስለማይቆጠር ነው። ዘይቱን በገንዘብ መግዛት ከጀመረ ሂሳቡ ይፈርሳል። ሰልፉ ላይ ያለው ጥቅም ግን በብር አይለካም። ማደያ ደርቆ ጭነት ያለው ሰው ሠላሳ ሊትር በእጁ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ሹፌር ይረዳዋል።

አንዳንዶች «ላምባ ቀላቅልበት፣ ይቀጥናል» ይሉታል። እውነት ነው ይቀጥናል። ውሃውን ግን አያወጣም፤ ፖምፓን በማለስለስ ረገድም ከናፍጣ ያንሳል። ቤንዚን የሚሉም አሉ። ቤንዚን በትንሽ ብልጭታ ይያያዛል፤ ጓሮ ውስጥ በጀሪካን ሲደባለቅ ማሰብ ራሱ ያስደነግጠኛል።

ስለ ጨርቁና ስለ መጥበሻው

ያልጠበቅነው አደጋ ከአቡጀዲው መጣ። ያጣሩበት ጨርቅ እየተጠቀለለ ማዳበሪያ ውስጥ ይከማች ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው የቃጠሎ ሽታ ሸተታትና ማዳበሪያው ሲከፈት መካከሉ ያጨሳል። እሳት የለኮሰ የለም። በተለይ እንደ ኑግና ተልባ ያለ የሚደርቅ ዘይት የነካው ጨርቅ ሲከማች በራሱ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ይነዳል። አሁን ጨርቁ ተዘርግቶ ይደርቃል፣ ወይም ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ይጨመራል። በዚህ ላይ አልከራከርም፤ ዘይት የሚያጣራ ሰው ሁሉ ይህን ያድርግ። የሚነድ ዘይት ላይ ደግሞ ውሃ አይደፋም፤ ክዳን ወይም አፈር ነው።

ሌላው የሚያንገበግበኝ ነገር ይህ ነው። ዘይት ስንሰበስብ አንዳንድ ቦታ «ተሸጧል» ተባልን። የሚገዙት መንገድ ዳር የሚጠብሱ ናቸው። የጠቆረው ዘይት እንደገና ቦንቦሊኖ ይጠበስበታል፤ ያንን የሚበሉት ተማሪዎች ናቸው። ዘይት ደጋግሞ ሲግል የተበላሹ ውሁዶች ይከማቹበታል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች እነዚህ ውሁዶች 25 በመቶ አካባቢ ሲደርሱ ዘይቱ ለምግብ አይሆንም ተብሎ ይወገዳል። መንገድ ዳር ያለችውን እናት አልወቅስም፤ አዲስ ዘይት ስንት እንደገባ አውቃለሁ። የሚሸጥላት ምግብ ቤት ግን ያውቃል። ባለመኪናው ከሚሰበስብባቸው ቤቶች አንዷን ባለቤት፣ «እትዬ፣ ለሰው ሆድ ከምትሸጪው ለመኪናዬ ስጪኝ፤ ከአዲስ አበባ ስመለስ ኦሞና ሳሙና አመጣልሻለሁ» ብሎ ነው ያሳመናት። እስካሁን ቃሉን ጠብቋል።

የሚረጋው ፓልም ደግሞ ሌላ ቤት አገኘ። ለሳሙና ጥሩ የሚሆነው የሚረጋው ስብ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ሳሙና የሚሠሩ ሴቶች ጀሪካኑን ይወስዱለታል። ባዮዲዝል እንሥራ ያለኝ ተማሪም አለ። ለዚያ ሜታኖል ያስፈልጋል። ሜታኖል መርዝ ነው፤ ዓይን ያጠፋል፣ በትንሽ ብልጭታ ይያያዛል። ቤት ውስጥ አይሠራም ብዬዋለሁ።

አሁን ባለመኪናው አይሱዙውን ሸጦ አዲስ ሊገዛ እያሰበ ነው። አዲሱ ኮመን ሬይል ስለሆነ ዘይቱ ሥራ ያጣል። በርሜሎቹን የጠየቀው ከማርቆስ ወጣ ብሎ የናፍጣ ወፍጮ ያለው ጎረቤቱ ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ። ሞተሩ ቀስ ብሎ የሚሽከረከር ባለአንድ ሲሊንደር ነው። ቤት ውስጥ ይቆማል፣ ቀኑን ሙሉ ጭነት ላይ ይሠራል፣ ኬላ የለበትም፣ ቁልቁለት የለበትም። ማሞቂያውን ከሞተሩ የማቀዝቀዣ ውሃ ነው የምንስበው፣ በብረት ቱቦ። መስከረም አልፎ ፀሐይ ስትጠና እንጀምራለን።